አሜን ሲባል ይተኮሳል

አስካለ መሞቷን ያመንኩት በቀብሯ ቀን አይደለም። ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ፣ አፈሩንም በእጄ በትኛለሁ፤ ግን የሌላ ሰው ቀብር ይመስለኝ ነበር። ያመንኩት ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ የቤቴ በር እጀታ ላይ ሁለት ፋዛን በአንገታቸው ታስረው ተንጠልጥለው ሳገኝ ነው። እነዚህ ወፎች ስንት ዓመት ሙሉ የሚሰቀሉት ከእኔ አንድ ፎቅ በላይ፣ እሷ በር ላይ ነበር። አሁን አንድ ፎቅ ወረዱ። ደረጃው ላይ ቆሜ «እንግዲህ አስካለ የለችም» አልኩ።

ፋዛን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከቆቅ ይበልጣል፣ ከደህና ዶሮ ያንሳል። የሜዳ ወፍ ነው። ወንዱ አንገቱ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ያብረቀርቃል፣ ጅራቱ ክንድ ያህላል። እዚህ አገር ቅጠል ሲረግፍ ያድኑታል።

የምንኖረው ጀርመን፣ ፕሮይንገስሃይም የሚባል የከተማ ሰፈር ነው። አስካለ የመንዝ ሰው ናት። እኔ ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ ስሸከም ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ እሷ ደግሞ የሽማግሌዎች መጦሪያ ኩሽና ውስጥ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጨው የሌለው ምግብ ስቀቅል ኖርኩ፤ አሁን ቤቴ የመጣ ሰው ያቃጥለው» ትል ነበር፤ ያቃጥለንም ነበር። ድምጿ ገደል ማዶ ያለ ሰው የምትጠራ ይመስላል። በተለይ ጸሎት ስትዘጋ «አሜ—ን» ብላ መሐሉን ትጎትተውና መጨረሻውን ወደ ላይ ትሰቅለዋለች። እኔ ታች ቤቴ ሆኜ እሰማት ነበር። ሬድዮ አያስፈልገኝም።

ስትናገር ማማሰያ ከእጇ አይጠፋም። ማማሰያው ወደ አንተ ከዞረ ክርክሩ አልቋል ማለት ነው። እኔን «ጋሽ ወልዴ» ትለኛለች፤ በዕድሜ ብበልጣትም ጉርብትናችን የቆየ ስለሆነ አንተ ነው የምትለኝ። የተቆጣች እንደሆነ ግን ወደ «አንቱ» ትዞራለች። በሕይወቴ ሰው ሲያከብረኝ የፈራሁት እሷን ብቻ ነው።

የወፎቹ ባለቤት ሄር ሆልስት፣ አቶ ሆልስት እንደ ማለት ነው፣ ይባላል። ምድር ቤት ነው የሚኖረው፤ የትራም ሹፌር የነበረ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ሚስቱ ኤልዛ የታመመች ጊዜ አስካለ ሾርባ ይዛ ስትወርድ፣ አልጋዋን ስታነጥፍላት፣ ፀጉሯን ስታበጥርላት ከረመች። ኤልዛ ሞተች። ሰውየውም ዝም እንዳለ ቀረ። ከአዳኝ ጓደኞቹ ጋር መሄዱን ግን አልተወም ነበር፤ የሚሠራለት የለም እንጂ ወፉን ይዞ ይመጣል። እናም በጥቅምት አንድ እሑድ ሁለት ፋዛን አስካለ በር ላይ ሰቅሎ ወረደ። ማመስገኑ ነው።

አስካለ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በሩን ብትከፍት የሞተ ወፍ ፊት ለፊቷ። ጩኸቷን ሰምቼ ወጣሁ።

«ጋሽ ወልዴ፣ መተት ነው። መተት ሰቀሉብኝ» አለችኝ።

እኔም ሳየው መተት መሰለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። እንዲህ ያለ ባለ ቀለም ወፍ፣ በቀይ ሲባጎ፣ በእሑድ ጠዋት። አንሳው አለችኝ፣ አልነካም አልኳት። ከፍሪጅ ጠበል አውጥታ በስመ አብ እያለች ከራሱ እስከ ጅራቱ ትረጨው ጀመር። ይህን ጊዜ ሄር ሆልስት የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ቀስ እያለ ወጣ። አስካለን አየ፣ ወፎቹን አየ፣ ጠርሙሱን አየ። ከዚያ በጣም በአክብሮት፣ በእናንተ አገር ላባው ሳይነጭ ነው ወይ የሚቀመመው ብሎ ጠየቀ።

አስካለ እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችው። በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ዘግይታ ደረሰች።

ከሰዓት በኋላ ሰውየውን ሻይ ጠራችው፣ እኔም ነበርኩ። ያን ዕለት ነው ጉዳዩን የነገረን። ልጁ ሃምቡርግ ናት፤ ሥጋ የሚባል አትቀምስም። እዚያ ሃይም፣ መጦሪያ ቤት፣ ቦታ ይዤልሃለሁ፣ ና ትለዋለች። እሱም ጥር ላይ ጠመንጃውን መልሶ ሊሄድ ነው። «ወፌን የሚበላልኝ ሰው ከሌለ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለ። ሳያለቅስ ነው ያለው፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር።

አስካለ ማማሰያውን አነሳች፣ ግን ወደ ማንም አላዞረችውም። ሰውየው ሲወርድ ለኔ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

«የሚበላው ካጣ ሰው፣ የሚበላለት ያጣ ይብሳል። ይህ ሰው ገና ዕለት እኛ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። የምንበላውም የገደለውን ወፍ ነው። ያን ጊዜ ሃምቡርግን ይረሳታል።»

«እኔ አልበላም» አልኳት።

ምክንያቴን ልናገር። እስከ ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። በኛ ዘንድ ዶሮ እንኳ ዝም ብሎ አይታረድም። ወንድ በቤት ከሌለ ሴት ዶሮዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ክርስቲያን ወንድ መንገደኛ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። እሱ በስመ አብ ብሎ ያርድላታል። ቆቅ አዳኝም ቢሆን ስሙን ጠርቶ ነው የሚተኩሰው፤ ወፍ አየር ላይ ይሞታልና ለቢላ ጊዜ የለም። ታዲያ ይህ ጀርመን ዝም ብሎ ቡም ያደረገውን ማን ባረከው? እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ያልተባረከ ሥጋ አፌ ገብቶ አያውቅም። በመጋዘኑ ካንቲና ድንችና እንቁላል ስበላ ነው የኖርኩት። የበዓል ዶሮዬንም ገጠር ገበሬ ዘንድ ሄደን ባርከን ነው የምናመጣው። ለአንድ ፋዛን ብዬ አልፈርስም።

ክፋቱ ደግሞ የገና ዕለት አስካለ ቤት ከሚሰበሰበው ሰው ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ። ዳቦውን እኔ እቆርሳለሁ፣ ወጡ ላይም መጀመሪያ የሚያርፈው የኔ እጅ ነው። እኔ ካልሰደድኩ ማንም አይሰድድም። ይህን እሷም ታውቃለች።

«እንግዲያው ባርኮ ይተኩሳላ» አለች።

«ክርስቲያን ነው?»

ወርዳ ጠየቀችው። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ትንሽ ጠቆር ብሏል። በልጅነቱ ተጠምቋል፤ በኋላ ግን አምት፣ የመንግሥት ቢሮ፣ ሄዶ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቻለሁ ብሎ ፈርሟል። እዚህ አገር እንዲህ ይደረጋል። አየሽ አልኳት።

«ውሃ የነካውን ግንባር ወረቀት አያደርቀውም» አለችኝ።

ቄሱን ልጠይቅ ብላት፣ ቄሱን ከጠየቅክ ቄሱንም መጥራት አለብን፣ ፋዛኑ አይደርስም አለች። ማማሰያው ወደ እኔ ዞረ። ተውኩት።

ትምህርቱ ኩሽናዋ ውስጥ ተጀመረ። ትልቁ ሰውዬ ትንሹ በርጩማ ላይ ጉልበቱ ደረቱን እየነካ ተቀምጦ «በስመ አብ ወወልድ» ይላል፤ እሷ ሽንኩርቷን እየላጠች ታርመዋለች። ቅዱስ ላይ ሲደርስ «ኩዱስ» ይላል። አጥንት ጉሮሮህ ላይ እንደቀረብህ አድርገህ በለው አለችው፤ በእጇ ጉሮሮዋን ይዛ አሳየችው። አንድ ሳምንት ሙሉ ምድር ቤት ሰውየው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማ ነበር። የማዶው ጎረቤት ታሟል ብሎ ደጁን አንኳኩቶ ጠይቆታል።

ቻለው አለችኝ። በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም አልኳት።

«እንግዲያው አንቱ ይሂዱና ይስሙ» አለች።

ሄድኩ። ቬተራው የሚባል ከከተማው ወደ ሰሜን ያለ የእርሻ አገር ነው፤ ኅዳር ነው፣ ውርጩ መሬቱን ነጭ አድርጎታል። እንዳልመታ ብርቱካንማ ሰደርያ አለበሱኝ። ሆልስት አለ፣ ሁለት አዳኝ ጓደኞቹ አሉ፣ አስታ የምትባል ቡናማ ውሻ አለች። ጓደኞቹ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቁት። ሆልስትም «ምስክር ነው» አላቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም። ጀርመን ምስክር ሲባል ይገባዋል።

የመጀመሪያው ፋዛን ከቁጥቋጦ ውስጥ እየጮኸ ተነሣ። ሆልስት ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስደግፎ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ...» ሲል ወፉ ሌላ መንደር ደርሷል። ጓደኞቹ ወደ መሬት እያዩ ሳቁ። ሁለተኛው ሲነሣ ሰውየው ተጣደፈ፤ «ወወልድ» ላይ ተኮሰው። መታው፣ ወደቀ። አስታ በአፏ ይዛ አመጣችው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አሜን አልተባለም» አልኩ።

ሆልስት ፊቱ ቀላ፣ ግን አልተከራከረም። ያን ወፍ አንደኛው ጓደኛው ወሰደው። እኔ ደግ ሰው ነኝ አልልም፤ ግን ያን ረጅም ሰውዬ በውርጭ ውስጥ ባርኔጣውን በእጁ እያፍተለተለ ሳየው ሆዴ ባባ። ጥር ላይ ይሄዳል። አስካለ ትልቁን ድስት አውርዳ አጥባ ጨርሳለች። እኔ ደግሞ ያልተባለ አሜን ተብሏል ብዬ መመስከር አልችልም።

እንግዲህ ውሻዋን ማየት ጀመርኩ። አስታ ወፍ ሲሸታት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የፊት እግሯን አጥፋ፣ ጅራቷን እንደ ዱላ አቅንታ። ወፉ ገና ሣሩ ውስጥ ተደብቋል፣ አይነሣም። በዚያ መሐል ጊዜ አለ። ሆልስትን ክንዱን ያዝኩትና፣ ጀርመንኛዬ የመጋዘን ጀርመንኛ ነው፣ «ሁንድ ሽቴት፣ ዱ በተን» አልኩት። ውሻዋ ስትቆም አንተ ጸልይ ማለቴ ነው።

ከዚያ ፈገግ አለ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

አስታ አንድ የበቆሎ አገዳ ክምር ፊት ቆመች። ሆልስት ከኋላዋ እግሩን አንፈራጦ ቆመና ጀመረ። ሳይቸኩል። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ «ቅ» ከጉሮሮው ወጣች፣ አሐዱ አምላክ፣ ከዚያ «አሜ—ን»። መሐሉን ጎትቶ፣ ጫፉን ሰቅሎ። የአስካለን አሜን ነው ያመጣው፤ ሌላ ከማን ሊማር ኖሯል? ወፉ በዚያ ድምፅ ደንግጦ ተነሣ፣ ጠመንጃውም ጮኸ፣ ወደቀ። ጓደኞቹ መሳቃቸውን ተዉ። አንደኛው ወፉን ያስነሣችው ውሻዋ ናት ወይስ ጸሎቱ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። በሚቀጥለው ዓመት እሱ ራሱ «በስመ አብ» እያለ ሲያጉረመርም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚያ ቀን በአሜን የወደቁትን ይዘን ገባን። አስካለ በሩ ላይ ነበረች፤ ምንም ሳትለኝ ፊቴን አየችና እልል አለች። ደረጃው ሁሉ አስተጋባ።

አሁን ደግሞ በምግቡ መጣላት መጣ። ሆልስት ወፉ ከነላባው በረንዳ ላይ ቀናት ይሰቀል፣ ሥጋው ይለስልሳል አላት። «ጥንብ ልታበላኝ ነው?» አለችው። በስንት ንግግር ሆድ ዕቃው ወጥቶ አንድ ቀን እንዲያድር ተስማሙ። እሱ ላባውን በደረቁ ይነጫል፤ እሷ የፈላ ውሃ ደፋችበት። ላባው ከበረንዳው እየበረረ እታች የተሰጣ ልብስ ላይ አረፈ። ቆዳውን ስትገፈው ሰውየው ሊያለቅስ ደረሰ፤ ጀርመን ለቆዳው ነው የሚሞተው። በሽፔክ፣ በአሳማ ስብ፣ ጠቅልለን ብንጠብሰው ሲል ማማሰያው ዞረበት። በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ስታጥበው ደግሞ ያን የዱር ሽታ አጠፋሽው አላት። ሽታው ዱር ይቅር፣ ወፉ ቤት ገብቷል አለችው። ዳክዬም ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሷን ግን አስካለም እኔም አንድ ላይ ሆነን መለስናት፤ የእግር ጣቷ የተያያዘ ወፍ አንበላም።

አስራ ሁለት ብልት አደረገችው፣ እንደ ዶሮ፤ እስከ ገናም ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠችው። ሥጋው ስስና ጠንካራ ስለሆነ ሽንኩርቱ ሲበስል አስቀድማ ከተተችው።

የገና ዋዜማ ወጡ ይሠራል፣ ግን እኛ ጾም ላይ ነን፤ ማንም ቅባት አይቀምስም። አስካለ ድሮም በማሽተት ነው የምትሠራው። ፋዛን ግን አዲስ ነገር ነው፣ ሽታው አይታወቅም። እዚህ ላይ ነው ማንም ያላሰበውን ያሰበችው። ቤቱ ውስጥ የማይጾም አንድ ሰው ብቻ አለ። ሆልስትን በርጩማው ላይ አስቀመጠችውና በማንኪያ ታቀምሰው ጀመር። እሱ ሁሉንም «ጉት»፣ ጥሩ ነው፣ ይላል፤ ጨው ቢጎድልም ጉት፣ በርበሬው ቢበዛም ጉት። ስለዚህ አፉን ትታ አፍንጫውን ታያለች። አፍንጫው ደረቅ ከሆነ በርበሬ ይጨመራል። ቀይ ከሆነ ቅቤ ይጨመራል። አፍንጫው ጫፍ ላይ ላብ ጠብ ያለ ጊዜ «ደረሰ» ብላ ድስቱን ከደነች።

በገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሞላ። እንደኔ ያረጁም አሉ፣ በቅርብ የመጡ በአውሮፕላን ማረፊያና በአስታማሚነት የሚሠሩ ወጣቶችም አሉ። ዳቦውን ቆረስኩ። ወጡ ተገለበጠ። ሰው ሁሉ እጄን ያያል፤ ወሬው በፕሮይንገስሃይም ተዳርሶ ነበርና። ሆልስት ከኤልዛ ጋር ለተጋቡበት ሰርግ የገዛውን ክራባት አስሮ ማዶ ተቀምጧል። እሱም እጄን ያያል።

እኔ ትንሽ ዘገየሁ። ነገር ቶሎ አልወድም። አስታማሚዋ ሄለን «ጋሽ ወልዴ፣ ቶሎ ይወስኑልን፣ ሽፔትዲንስት አለብኝ፣ ማታ ገቢ ነኝ» አለች።

«አሜን መባሉን ሰምቻለሁ» አልኩና ጎረስኩ። ያን ጊዜ የሁሉም እጅ ወረደ። ሆልስት አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሲያቀና ዓይኑ ረጥቧል። በበርበሬው ነው አለ። አስካለም በበርበሬው ነው አለች።

ፈረሰኛው፣ የአባወራው ብልት፣ እሷ ቤት ምንጊዜም የኔ ነበር። ያን ቀን አንስታ ለሆልስት አጎረሰችው። እኔን ሌላ ብልት ሰጠችኝ። ቅር አለኝ፤ ዛሬም ትንሽ ቅር ይለኛል። በቁጭት ሳኝክ አንድ የጥይት ፍሬ ሥጋው ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ሰው ሠራሽ ጥርሴን ለሁለት ከፈለው። ምንም እንዳልሆነ ለመሆን ሞከርኩ፤ ግን አስካለን ማን ያታልላታል።

«ጉድ በሉ» አለች፤ «ሆልስት በአንድ ጥይት ሁለት ወንድ ጣለ፤ አንዱ ፋዛን፣ አንዱ ጋሽ ወልዴ።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በየገናው ተደገመ። ሃምቡርግ ቀረ። ልጁ ራሷ አንድ ጊዜ መጥታ ሽሮውን በልታ፣ አባቷን በግዕዝ ሲጸልይ ሰምታ፣ ሃይሙን ሁለተኛ ሳታነሣ ሄደች።

ባለፈው የዚህ አገር በጋ አስካለ አረፈች። በእንቅልፏ ነው፤ ማንንም ሳታስቸግር። ኅዳር ላይ ወፎቹ እኔ በር ላይ መጡ። ሄለን ደወለችልኝ። ጋሼ፣ የዘንድሮ ገና እንዴት ነው፣ ይቀራል ወይ አለችኝ። እኔ በዕድሜዬ ከሻይ በስተቀር ምንም ጥጄ አላውቅም። ወፎቹን ይዤ ምድር ቤት ወረድኩና አንኳኳሁ። ሆልስት በሩን ከፈተ፣ ወፎቹን አየ፣ እኔን አየ። ማንም የማይበላው መስሎት መሰለኝ ፊቱ ጠቆረ።

«ድስቱ የት ነው?» አልኩት። ድስቷንና ማማሰያዋን ወስዶ ያስቀመጠው እሱ ነበር።

ሁለት ሽማግሌ አንድ ኩሽና ውስጥ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ። እሱ ላባ ይነጫል፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቅሳለሁ። ብልቱ አስራ ሁለት አልሆንልን ብሎ አስራ ሦስት ሆነ፤ ከየት እንደመጣ አናውቅም። በገና ዋዜማ ከፍሪዘር አወጣነው፤ ማማሰያውን እኔ ያዝኩ፣ እሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ጉት አለ። እኔም አፉን ትቼ አፍንጫውን አየሁ። ማምሻውን ላቡ ጠብ አለና ከደንኩት።

በገና ዕለት ሰዉ እኔ ቤት መጣ። ወንበር አልበቃ ብሎ ወጣቶቹ መሬት ተቀመጡ። ወጡን ገለበጥኩ። ጠቁሯል። ፈረሰኛውን አገላብጬ ፈለግኩና፣ የመሰለኝን አንስቼ ሆልስትን አጎረስኩት። ዳቦውን ልቆርስ ስል እሱ ማንም ሳይጠይቀው ብድግ አለ። ክራባቱን አስተካከለ። በስመ አብ አለ፣ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ከዚያ መሐሉን ጎትቶ፣ ጫፉን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ «አሜ—ን» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ኩሽናው በር ዞረ። እኔም ዞርኩ።

ሆልስት ብቻ አልዞረም። ተቀምጦ አፍንጫውን በናፕኪን ጠረገና፣ ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል አለን። እጄን ሰደድኩ።